ያገለገለ ካሜራና የተደበቀ ዐይብ



እንደሚታወቀው በረጀብና በሸዕባን ወራት፣ ረመዷን ከመግባቱ አስቀድሞ፣ በከተማችን በየሰፈሩ ኒካሕ ይበዛል። በዚህ ወቅት ቤተሰብን ከሚያስጨንቁ ጉዳዮች አንዱ የፎቶግራፍ ነገር ነው። በወንዶች በኩል ችግር የለም፤ ፎቶ አንሺ ሞልቷል። በሴቶች አዳራሽ ግን ሙሽራዋ ፀጉሯን ገልጣ ከእናቷ፣ ከእህቶቿና ከጓደኞቿ ጋር በምትደሰትበት ሰዓት ካሜራ ይዞ የሚገባው ማን ነው? ብዙ ቤተሰብ ወይ ፎቶውን ይተዋል፣ ወይም ባዕድ ወንድ ያስገባና በኋላ ይጸጸታል። (ስለ ፎቶግራፍ ራሱ ሑክም ዑለማዎች የተለያየ አቋም እንዳላቸው አንባቢ ያውቃል። የግብጽ ሙፍቲ የነበሩት ሼኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ የተፈቀደ መሆኑን ለማስረዳት ራሱን የቻለ ሪሳላ ጽፈዋል፤ የማይስማሙም አሉ። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ አይደለም።)

የእህቴ ልጅ በሒሳብ አያያዝ ዲግሪዋን ይዛ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማለች። በዚህ መሐል ከጓደኛዋ ካሜራ እየተዋሰች የዘመድ ሠርግ ታነሳ ነበር፤ እጇ እየተፈታ መሄዱን ሁላችንም አየን። በመጨረሻም የሴቶችን አዳራሽ ብቻ የምታነሳ ፎቶ አንሺ ለመሆን ቆረጠች። እናቷ የገባችበት የሰፈር ዕቁብ በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ወጣላትና 65 ሺህ ብር እጇ ገባ። ከዚህ ሌላ ገንዘብ የለም። ወለድ ያለበት ብድር እንደማይነኩ ደግሞ እናትና ልጅ አስቀድመው ተነጋግረዋል።

«አጎቴ፣ አብረኸኝ ሂድ፤ ብቻዬን ከሄድኩ ያታልሉኛል» አለችኝ።

እኔ ግን የምታለለው ከእሷ ቀድሜ እንደሆነ አውቃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተማሪዎች ከኪሳቸው ያዋጡትን ገንዘብ አስይዘውኝ ያገለገለ ካሜራ እንድገዛላቸው ልከውኝ ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሱቅ ገባሁ፤ ባለቤቱ በሰላምታ ተቀበለኝ፣ ወንድሜ እያለ ሻይ አስመጣልኝ፣ እኔም በሰላምታው ተማምኜ ዕቃውን ሳልፈትሽ ከፍዬ ወጣሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሌንሱን ወደ ፀሐይ አቅንቶ ሲያይ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ሞልቶት አገኘው። ስመለስ ባለሱቁ በጣቱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አሳየኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ገንዘቡን ከደመወዜ እየቆረጥኩ ለክበቡ መለስኩ። የዚያ ልጅ አስተያየት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

በመሆኑም በዚህኛው ጊዜ ገበያ ከመውጣታችን በፊት ሁለታችንም ቁጭ ብለን ተማርን። የተማርነውን ለሌላ ቤተሰብ ይጠቅም እንደሆነ ልዘርዝረው።

ለምን ያገለገለ?

አዲስ ካሜራ በዕቁብ ብር የሚታሰብ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው አብሮ ወጣ። በሌላ በኩል ደግሞ ለእኛ የሚበጅ አንድ ነገር ተፈጥሯል። ዲኤስኤልአር የሚባለው ካሜራ በውስጡ መስታወት አለው፤ በሌንሱ የገባውን ብርሃን መስታወቱ ወደ ዓይናችን ያንጸባርቀዋል፣ ቁልፉን ስንጫን መስታወቱ ይነሳና ብርሃኑ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ በ1991 እ.ኤ.አ. ኮዳክ ኩባንያ በኒኮን ኤፍ 3 አካል ላይ ሠርቶ የሸጠው ነው። ዛሬ ትልልቆቹ ኩባንያዎች መስታወት ወደሌለው፣ ሚረርለስ ወደሚባለው ዓይነት ዞረዋል፤ ካኖን በ2021 እ.ኤ.አ. የከፍተኛ ደረጃ ዲኤስኤልአሩ ማብቂያ ኢኦኤስ-1ዲ ኤክስ ማርክ 3 መሆኑን አስታውቋል። ገንዘብ ያላቸው ፎቶ አንሺዎች ወደ አዲሱ ሲሄዱ የቀድሞውን ይሸጣሉ። ምስሉ ግን አላረጀም፤ የዛሬ አሥር ዓመት ሠርግ ያስዋበ ካሜራ ዛሬም ያስውባል።

ያገለገለ ካሜራ መገበያየት በአገራችንም አዲስ ነገር አይደለም። ሐረር ውስጥ ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ከሊዮን ከተማ ካሜራ አስመጥቶ በ1883 እ.ኤ.አ. በሐረር ፎቶ አንስቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ካሜራውን እየቆጨውም ቢሆን ሳይከስር እንደሸጠው ለቤተሰቡ ጽፎላቸዋል። ለገዢው ዐይቡን ነግሮት ይሆን?

ነገርን ነገር ያነሳዋልና አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በመጽሔቶቻችን ላይ «ካሜራ» የሚለው ቃል «ቀምራ» ከሚል የዐረብኛ ቃል መጣ ተብሎ ሲጻፍ አያለሁ። ቃሉ የላቲን ነው፤ ትርጉሙም ክፍል ማለት ነው። በስሩ ወለድ ሊቅ ኢብኑል ሀይሠም በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጻፈው «ኪታቡል መናዚር» ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል ሲገባ የሚሆነውን በሙከራ መርምሮ ማስረዳቱ ግን እርግጥ ነው። በዚህ መደሰት እየቻልን የሌለ የቃል ዘር መፈለግ አያሻንም።

ካሜራን እንዴት እንፈትሽ?

ከሁሉ በፊት ሸተሩ ነው። ሸተር ማለት ፎቶ በተነሳ ቁጥር የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ ሲሆን እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ይቆጠራል። ፋብሪካዎቹ የፈተኑበት መጠን ይታወቃል፤ ለካኖን 6ዲ 100 ሺህ፣ ለካኖን 5ዲ ማርክ 3 እና ለኒኮን ዲ7100 150 ሺህ፣ ለኒኮን ዲ800 200 ሺህ ጊዜ ነው። ቁጥሩ ሲሞላ ካሜራው ወዲያው ይሞታል ማለት አይደለም፤ ብዙ ያልፋል፣ አንዳንዱም ሳይደርስ ይበላሻል። ይሁንና በአንድ ሠርግ 2 ሺህ ፎቶ የሚያነሳ ሰው በ50 ሠርግ 100 ሺህ እንደሚደርስ ማስላት አያስቸግርም። ኒኮን ቁጥሩን በራሱ በፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል። አብዛኞቹ የካኖን ካሜራዎች ግን አይጽፉትም፤ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በፕሮግራም ማንበብ ያስፈልጋል። ሻጩ የፎቶውን ስም አሳይቶ «ይኸው ገና 400 ነው» ቢል አትመኑ፤ ያ ቁጥር 9999 ሲደርስ እንደገና ከአንድ ይጀምራል፣ በእጅም ይመለሳል። ቪዲዮ ሲቀረጽበት የኖረ ካሜራ ደግሞ የሸተር ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ሌላው አካሉ የደከመ ሊሆን ይችላል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኒኮን ዲ90 እና ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ለዲኤስኤልአር የቪዲዮን በር ከከፈቱ በኋላ ብዙ የሠርግ ካሜራ የኖረው እንዲህ ነው።

ቀጥሎ ሴንሰሩ። የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 16 ወይም 22 አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ማንሳትና ምስሉን አጉልቶ ማየት ነው። ጥቁር ነጥብ ከታየ አቧራ ነው፤ አቧራ ይጸዳል፣ ጭረት ግን አይጸዳም። ከዚያ የሌንሱን ክዳን ገጥሞ ለጥቂት ሰከንድ የሚቆይ ፎቶ ማንሳት፤ በጨለማው ላይ ቀይ ወይም ነጭ ነጠብጣብ ከበዛ ሴንሰሩ ደክሟል። (የኩባንያም ዐይብ አለ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒኮን ዲ600 ሴንሰሩ ላይ ነጠብጣብ እየጣለ ስላስቸገረ ኩባንያው በ2014 ሸተሩን እስከ መቀየር ድረስ በነፃ አገልግሎት እንደሚሰጥ አስታውቋል።)

ሌንሱን ነቅሎ በስልክ መብራት ከኋላ እያበሩ ማየት ይገባል። እኔን ያቃጠለኝ ሻጋታ የሚታየው በዚህ መንገድ ነው። ያኔ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነበር።

የቀረውን በአጭሩ፦ የቪቶቹ ራስ ተቦርቡሮ ከሆነ ካሜራው ተከፍቷል ማለት ነው፤ የካርድ መግቢያው፣ የባትሪ ክዳኑ፣ የፍላሽ መግጠሚያው መነካት አለበት፤ የተጻፈበት ወረቀት በሌንሱ ሰፊ ቀዳዳ አንስቶ ፊደሉ ያተኮሩበት መስመር ላይ መጥራቱን ማየት፤ ሃምሳ ያህል ፎቶ በተከታታይ አንስቶ ድምፁን ማዳመጥ። በብዙዎቹ ካሜራዎች ሜኑ ውስጥ የባትሪው ዕድሜም ይነበባል።

አንድ የማይረሳ ነገር አለ። በሜኑው ውስጥ የባለቤትነት ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። ብዙ ሰው ካሜራ እንደገዛ ስሙን ይጽፍበታል፣ ሲሸጥ ማጥፋቱን ይረሳል፤ የሰረቀ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ መኖሩን አያውቅም። መለያ ቁጥሩንም ከሥሩ ቢፍቁት፣ ካሜራው በሚያነሳቸው ፎቶዎች ፋይል ውስጥ መጻፉን አያቆምም።

ደምበል ደጃፍ

በቴሌግራም ካገኘናቸው ማስታወቂያዎች አንዱ ዓይናችንን ያዘው። ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ከ24-105 ሌንሱ ጋር፣ 60 ሺህ ብር። በወቅቱ ከጠየቅናቸው ቦታዎች ሁሉ ለዚህ ዕቃ እጥፍ የሚጠጋ ዋጋ ነበር የጠሩልን። የእህቴ ልጅ ሌሊቱን አልተኛችም።

ሻጩ «ደምበል ደጃፍ እንገናኝ» አለ። ደምበልን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የቆመ፣ በከተማዋ የመጀመሪያዎቹ ከሚባሉት ትልልቅ የገበያ ሕንፃዎች አንዱ ነው። ታክሲው ሁሉ ስለሚጠራው የማይተዋወቁ ሰዎች ሲቀጣጠሩ እዚያ ይቀጣጠራሉ። ሕንፃው የማያውቀው ስንት ግብይት ደጃፉ ላይ እንደሚፈጸም አላህ ይወቀው።

ልጁ በሰዓቱ መጣ። በሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ ንጹሕ የለበሰ፣ አንደበቱ የቀና ነው። ካሜራው ከዱባይ በዘመድ እንደመጣለት፣ ለጉዞ ገንዘብ ስለቸገረው እንደሚሸጠው ነገረን። ገና ከቦርሳው ሳያወጣው ሌላ ጎልማሳ መጣና «ያ ካሜራ ነው? እኔ በ70 እወስደዋለሁ» አለ። ሻጩም «ቀድመው የመጡት እነሱ ናቸው፣ ፈጠን በሉ ብቻ» አለን። ኪታብ የቀራ ሰው ይህን ነገር በስሙ ያውቀዋል። ነጅሽ ይባላል፤ ይኸውም ለመግዛት ሳይፈልግ ሌላውን ለማስጎምጀት ዋጋ መጨመር ሲሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የከለከሉት ነው። በመድረሳ ስንቀራው የግመል ገበያ ወሬ ይመስለኝ ነበር።

እሷ ግን ጎልማሳውን ቀና ብላም አላየችው። ካሜራውን ተቀብላ ባትሪውን ገጠመች፣ ሜኑውን ከፈተች፣ ዝም ብላ ስታነብ ቆየችና ወደ ልጁ ዞረች።

«ይህ ስም የማን ነው?»

የሴት ስም ነበር፤ ያውም ያገራችን ስም ከነአባቷ። ልጁ ትንሽ ደንገጥ አለና «የመጀመሪያዋ ባለቤት ትሆናለች» አለ። «ከዱባይ አልነበረም እንዴ?» «እሷም ዱባይ ናት።» ገልብጣ ከሥሩ አየች። መለያ ቁጥሩ ተፍቋል።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት የተፈተንኩት እኔ ነኝ። በውስጤ «ምናልባት እኮ ከሴትየዋ ገዝቶት ይሆናል፣ እኛ የሰው ልብ አናውቅ፣ ጥርጣሬ ራሱ ኃጢአት ነው» የሚል ሰበብ መደርደር ጀመርኩ። የእህቴን የሁለት ዓመት ዕቁብ፣ የልጅቷን ሥራ ማጣት አስቤ ነው። ጎተት አድርጌ ይህንኑ በጆሮዋ ነገርኳት። ካሜራውን ለልጁ መለሰችና «አጎቴ፣ በዚህ ካሜራ የማንን ኒካሕ ነው ቢስሚላህ ብዬ የማነሳው?» አለችኝ።

ተነስተን ሄድን። ታክሲ ውስጥ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጎትታ እስከ ሰፈራችን ድረስ አለቀሰች። እኔም የምላት አልነበረኝም። በኋላ ያንን የሴት ስም በየማኅበራዊ መገናኛው ፈለገችው፤ ባለቤቷን አላገኘችም። ለፖሊስ ማመልከት ይገባን ነበር ወይ? ይገባን ነበር ባይ ነኝ። አላደረግነውም፤ ለዚህ የማቀርበው በቂ ምክንያት የለኝም።

ኪታቡ ምን ይላል?

በዚያ ሰሞን የድሮ ኪታቤን አውጥቼ የሽያጭን ምዕራፍ እንደገና አነበብኩ። ታሪኩ የታወቀ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲከቱ እርጥበት አገኙ፤ ነጋዴው ዝናብ መትቶት ነው ባለ ጊዜ ገዢ እንዲያየው ለምን ወደ ላይ አላወጣኸውም ሲሉ ገሠጹት፤ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው መንገድ ውጭ መሆኑንም ተናገሩ። ነጋዴው አልዋሸም፤ ቃል አልተነፈሰም። እርጥቡን ከታች ማድረጉ ብቻ በቂ ሆነ።

ገዢ ደግሞ በሸሪዓ ኺያር፣ ማለትም የመመለስ ምርጫ አለው። ሳያውቀው የገዛው ዕቃ ዋጋውን የሚቀንስ ዐይብ ከተገኘበት ኺያረል ዐይብ ይባላል። ተዋውለው የሚወስኑት የመሞከሪያ ጊዜም አለ፤ በሻፊዒይ መዝሀብ እስከ ሦስት ቀን ነው። ታዲያ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ ምን ዋጋ አለው? በወሎ መስጂዶች ደረሳው ሁሉ የሚቀራው የኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ» ይህን ጥያቄ ያነሳዋል። ሻጭ «ለዐይቡ ኃላፊ አይደለሁም» ብሎ ቢሸጥ፣ በመዝሀቡ ሚዛን በደፋው አስተያየት ነፃ የሚወጣው እሱ ራሱ ከማያውቀው፣ በእንስሳ ውስጥ ከተደበቀ ዐይብ ብቻ ነው። እንስሳ ሕይወት ያለው ነውና በሽታውን ከጌታውም ይሸሽጋል። ከሌላው ዕቃ ግን ነፃ አያወጣውም። ካሜራ እንስሳ አይደለም። እያወቀ የደበቀ ሻጭማ በእንስሳውም አይተርፍም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ ገዢውም እንደተረከበ ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። እኔ ለተማሪዎቼ በገዛሁት ጊዜ ሁለት ሳምንት ሌንሱን ሳላይ መቆየቴ የራሴ ጥፋት ነበር ማለት ነው።

ከካዛንቺስ የወጣው ፎቶ ቤት

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የካዛንቺስ ብዙ ሰፈሮች ሲፈርሱ በአካባቢው የነበሩ ሱቆችና ፎቶ ቤቶች ወደየአቅጣጫው ሄደዋል። ከእነዚህ የአንዱ ባለቤት የሆኑ አዛውንት ወደ ሌላ ሰፈር ከገቡ ወዲህ ሥራ ቀንሰው ዕቃቸውን እየሸጡ መሆኑን አንድ ባልደረባዬ ነገረኝ። ሄድን። ግድግዳቸው ላይ ካዛንቺስ ያነሷቸው የሦስት ትውልድ ሙሽሮች በፍሬም ተደርድረዋል።

የሚሸጡት ካኖን 6ዲ ከ50 ሚሊሜትር ሌንሱ ጋር ነው። የእህቴ ልጅ ለመፈተሽ እጇን ስትዘረጋ «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ እኔ ልንገርሽ» አሉ። ሸተሩ 83 ሺህ መድረሱን፣ ሴንሰሩ ላይ ከላይ በስተቀኝ ሁለት ነጥብ መኖሩንና ቢያስጸዱትም አለመልቀቁን፣ ጎማውን ራሳቸው በማጣበቂያ መልሰው እንዳጣበቁት፣ አንድ ጊዜም በሠርግ ላይ ከእጃቸው እንደወደቀ አንድ በአንድ ተናገሩ። «የማውቀው ይህን ነው። የማላውቀውን ደግሞ አንቺ ፈትሺ። እስከ ሳምንት ካልተስማማሽ መልሺልኝ፤ ብርሽን አልነካውም።» ዋጋው 62 ሺህ ነው አሉ።

በኪታቡ ሦስት ቀን ነበር፤ እሳቸው ሳምንት ሰጡን። አዛውንቱ የክርስትና እምነት ተከታይ ናቸው። በሰላምታ ተቀብሎኝ ሻጋታ የሸጠልኝን ወንድሜን አስታወስኩና አንገቴን ደፋሁ።

ፈተሸችው። ከነገሩን ሌላ ምንም አላገኘችም። ከፍለን ልንወጣ ስንል ከመሳቢያቸው ሚሞሪ ካርድ አውጥተው ካሜራው ውስጥ ከተቱና «ይህ ምራቂ ይሁንሽ» አሏት።

ካርዱ

በዚያው ሌሊት ከዒሻ በኋላ ስልኬ ጮኸ። ካሜራውን ስትከፍት ካርዱ ባዶ አልነበረም። መጀመሪያ የታየው ፎቶ የሴቶች አዳራሽ ነው፤ የማታውቃቸው ሴቶች፣ ሻርፕ የሌላቸው፣ እጃቸውን ሒና ተቀብተው የሚስቁ። ወዲያው አጠፋችው። «አጎቴ፣ ስድስት መቶ ምናምን ይላል። ልደምስሰው?»

ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ሁለታችንም አንብበን ነበር። ፎቶን መደምሰስም ሆነ ካርዱን ፎርማት ማድረግ ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋው ማውጫውን ነው፤ ምስሉ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይተኛል፣ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራምም ይነሳል። አንድ ሰው ካርድ በእርግጥ ባዶ እንዲሆን ከፈለገ ፎርማት ካደረገ በኋላ ግድግዳ እያነሳም ይሁን ቪዲዮ እየቀረጸ እስኪሞላ ድረስ መሙላት አለበት። የሰው ዐውራ ያለበት ካርድ ግን ቢሰበር ይሻላል። የካርድ ዋጋ ከዚህ አይበልጥም።

በማግስቱ ጠዋት ይዘንላቸው ሄድን። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ፎቶ እንዳዩ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። የዚያን ሠርግ ፎቶ ለቤተሰቡ ካስረከቡ ቆይተዋል፤ የሴቶቹን ያነሳችው ያኔ የቀጠሯት ልጅ ነበረች፤ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ መቅረቱን አላወቁም። ከኋላ ክፍል መዶሻ አምጥተው እደጃፉ ድንጋይ ላይ እኛው ፊት አደቀቁት።

ከዚያ «ከዚህ በፊት ሦስት ካሜራ ሸጫለሁ» አሉ። «ሁሉንም ከነካርዳቸው ነው የሰጠሁት። በጎ ያደረግሁ መስሎኝ።»

እዚያው ቁጭ ብለን ደወሉ። የመጀመሪያው ገዢ ፎርማት አድርጎ ብዙ እንደሠራበት ተናገረ። ሁለተኛው ካርዱ ጠፍቶበታል። የሦስተኛው ስልክ ቁጥር የላቸውም፤ ደላላ ነበር ያገናኛቸው፣ ደላላውም ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ የት እንደገባ አያውቁም። እስክንወጣ ድረስ የቀድሞ ደብተራቸውን ሲያገላብጡ ነበር።

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ሥራዋን ያገኘችው በሸዕባን መጨረሻ ነው። ከአንድ የሩቅ ዘመድ የመጣ ጥሪ ነበር። የሴቶቹ አዳራሽ ሲበተን የሙሽራዋ እናት ወደ ጥግ ወሰዷትና ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ይህ ካርድ ዛሬ ማታ ማን ጋ ነው የሚያድረው?» ብለው ጠየቋት። ካሜራውን ከፈተች፣ ካርዱን አወጣች፣ እጃቸው ላይ አኖረችው። እናትየዋ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያዙት። ፎቶዎቹን የምታስተካክለው ከእሳቸው ሳሎን ተቀምጣ እንደሆነ ተስማሙ፤ በተዋሰችው ላፕቶፕ ሦስት ቀን ተመላልሳ ጨረሰችው፤ ምሳዋንም እዚያው በላች።